የእግር ውኃ

«ሞግዚታችሁን ግን ወደድኳት» አሉ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ። «ድምጿ አይሰማ፣ ሥራዋን ብቻ። ከየት አገኛችኋት?»

ይታይሽ ከመስኮቱ መዝጊያ ኋላ ተቀምጣ የአምስት ዓመቷን የማርታን ጸጉር ትጎነጉን ነበር። የምጽዋ ሆቴል የመስኮት መዝጊያ በቀጫጭን ጣውላ የተደረደረ፣ ነፋስ የሚያስገባ ሰው የማያሳይ ነውና በረንዳው ላይ ቁርስ የሚበሉት አላዩዋትም። ሞግዚት ሲባል ሰምታ መጀመሪያ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ ቃኘች፤ ሌላ ሴት ያለች መስሏት።

«ከዳኛቸው አገር ነው ያመጣናት፣ ከጋይንት» አለች ንግስት፣ የወንድሟ ሚስት። «ካባቱ ቤት የኖረች ናት። ትንሽ ግትር ትላለች፣ የባላገር ነገር! ልጅ መያዙን ግን ታውቅበታለች።»

ይታይሽ ጣቶቿን ከልጅቷ ጸጉር ሳታነሳ የወንድሟን ድምፅ ጠበቀች። ዳኛቸው እዚያው ነበር። ስኳሩን ሲያማስል ማንኪያው ከብርጭቆው ሲጋጭ ይሰማታል። አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። አሁን ሊናገር ነው፣ አለች በሆዷ።

«ሻዩ ቀዝቅዟል መሰለኝ» አለ ዳኛቸው።

ያለው ይኸንኑ ነው። ይታይሽ ሁለተኛውን ጉንጉን ጀመረች። ሳታውቀው ጠበቅ አድርጋው ኖሮ ልጅቷ «አመመኝ!» ብላ ጮኸች፤ ከበረንዳው ንግስት «አንቺ! ቀስ በያት እንጂ» አለች። አንቺ። አሥመራ ቤታቸው ሳሉ እርስዎ ትላት የነበረችው ሴት፣ ባቡሩ ቁልቁለቱን ወርዶ ምጽዋ ሲገባ አክብሮቱን እንደ ካፖርቷ አውልቃ ትታው መጣች ማለት ነው። ሙቀቱ ይሆናል!

ዳኛቸው የእናቷም የአባቷም ልጅ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና በዳዴ ይሄድ ነበር፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው፣ ደብረ ታቦር ተማሪ ቤት ሲገባም በሶውን እየቋጠረች ያደረሰችለት እሷ ናት። ይኸን ውለታ ብላ ቆጥራው አታውቅም። አሁን አሥመራ ካንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ፣ ከረባት አስሮ፣ «ባሕር ላሳይሽ፣ ነይ» ብሎ ሲልክባት ደስ ቢላት ታዲያ ምን ያስገርማል? ያገሩን ቅቤና ማር አዘጋጅታ፣ ከንፋስ መውጫ እስከ ደብረ ታቦር በበቅሎ፣ ከደብረ ታቦር እስከ ጎንደር በጭነት መኪና ከእህል ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ ከዚያ ወዲያ የሊማሊሞን ገደል ባውቶቡስ ዓይኗን ጨፍና መጣች። የደብራቸው መሪጌታ ተክለ ማርያም ስትሰናበታቸው «ፈርዖንን ከነሠረገላው የዋጠው ባሕረ ኤርትራ እሱ ነው፤ እኔ በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አላየሁትም፣ አይተሽ ትነግሪኛለሽ» ብለዋት ነበር። የልጅቷ ሞግዚት ከገና በፊት ጥላቸው መሄዷን የሰማችው አሥመራ ከገባች በኋላ ነው። ያን ጊዜ ነገሩን አላያያዘችውም። የሥጋ ዘመድን በዚህ ዓይን የሚያይ ማን አለ?

ያላያያዘችው ሌላም ነገር ነበር። በጋይንት መንገደኛ ቤት ሲገባ ከምግቡም ከወሬውም በፊት የሚቀርብለት የእግር ውኃ ነው። ከቤቱ ሰው ታናሽ የሆነው ጎንበስ ብሎ ያጥባል፤ ሲጨርስ ጉልበት ይስማል፤ የታጠበውም ይመርቀዋል። ያ ካልሆነ እንግዳው ቤት ገባ አይባልም። ለገረድና ለአሽከር ግን እግር የሚያጥብ የለም፤ ከደጅ ራሳቸው ተለቃልቀው ይገባሉ። ዳኛቸው በልጅነቱ በዚህ ሥራ የሚያህለው አልነበረም። አባታቸው ቄስ ወልደማርያም «አውራ ጣትህን በጣቶቹ መሀል መሀል አሳልፍ፤ ድካም የሚያድረው እዚያ ነው» እያሉ አስተምረውት፣ እንግዳ ሁሉ ምርቃቱን ያወርድለት ነበር። ይታይሽ አሥመራ የገባች ዕለት ግን ንግስት ጉንጯን ሳም አድርጋ «ባኞ ቤቱ በዚያ ነው፤ ቧንቧውን ወደ ግራ ሲያዞሩት ሙቅ ይመጣል» አለቻት። ይታይሽ ሄዳ ቧንቧውን ወደ ግራ አዞረችው። ከተማ ነው ብላ ተወችው።

ከቁርስ በኋላ ከተማ ለማየት ወጡ። አቶ ሥዩም፣ የዳኛቸው አለቃና የወይዘሮ አመተ ሥላሴ ባል፣ መኪና ነበራቸው፤ ለሽርሽሩ የጋበዙትም እሳቸው ናቸው። መኪናው ሞላ ተባለና ይታይሽና ማርታ በፈረስ ጋሪ ኋላ ኋላ ተከተሉ። ባሕሩን ያየችው በዚህ መልክ ነው፣ ከሌሎች ሰዎች መኪና አቧራ በስተጀርባ። የሚያገሣ፣ የሚያስፈራ ነገር ጠብቃ ነበር። ውኃው ግን ተኝቷል። በክረምት ከጋይንት አፋፍ ቆመው ቁልቁል ወደ ስማዳ ቆላ ሲያዩ ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶ ሜዳ እንደሚመስለው፣ ያ ጉም ሰማያዊ ሆኖ ነው የታያት። ወደብ ላይ መርከቦች ቆመዋል፤ ከደብሯ ቤተ ክርስቲያን የሚበልጡ፣ ዝገታቸው የሚያስጠላ። ቤቶቹ ከባሕር በወጣ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ሰገነታቸው እንደ ጥልፍ የተቀረጸ፣ ግድግዳቸው ደግሞ እንደ ቁስል የተላላጠ። ከከተማው ወጣ ብሎ ጨው እንደ ገለባ ተከምሮ ሲያንጸባርቅ አየች። በልጅነቷ አንዲት አሞሌ ጨው በጨርቅ ተጠቅልላ ከቆጥ ላይ ትሰቀል ነበር፤ እዚህ ማንም ሳይጠብቀው ሜዳ ላይ ፈሷል። ከመኪናው ወርደው ክምሩ ፊት ቆሙና ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ፎቶ አነሷቸው። ይታይሽን ልጅቷን አቅርባ ሄድ እንድትል ነገሯት። እሷም ልጅቷን አቅርባ ሄድ አለች። ከዚያ ብርዱ በማይደርስበት አገር ብርድ ልብስ የምታክል ባርኔጣ ያደረጉት እመቤት «ይበቃል፤ ጨው ነው፤ ሌላ ምን አለው?» ብለው ወደ መኪናው ተመለሱ። ከተማ ሲመለሱ ባንድ ጠረጴዛ አምስት ጠርሙስ አራንቻታ የሚሉት የብርቱካን ለስላሳ ተከፈተ፣ አንዱ ሃምሳ ሳንቲም። በንፋስ መውጫ ገበያ በሃምሳ ሳንቲም ዶሮ ከነእንቁላሏ ይገዛል። ሰዎቹ ግማሹን ጠጥተው ግማሹን ዝንብ እንዲዋኝበት ትተውት ተነሡ።

ምሳው እነሱ ቬንቲላቶር ነፋስ እየሰጠ ከሚዞርበት አዳራሽ፣ እሷና ልጅቷ ከጓሮው፣ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ነው። ዕለቱ ረቡዕ ነው። ዓሣ ቀረበላት፤ ንግስት ከአዳራሹ ብቅ ብላ «ብይ፣ ዓሣ ጾም ነው» አለቻት። ይታይሽ ለረቡዕ ጾሟ ከንግስት ፈቃድ የምትጠይቅ አልሆነችምና ዳቦዋን በሻይ ነክራ በላች። ልጅቷን አብልታ ስትጨርስ ዳኛቸው እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው መጣ። ወጥ ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ወጥ ሠሪዎቹ ግን ባገራቸው ቋንቋ ይጫወታሉ፣ የሚሰማቸው የለም።

«እኔ ማነኝ?» አለችው።

ወዲያ ወዲህ አየ። «እታለም…»

«ሰው የለም፣ አትፍራ። እኔ ማነኝ?»

«ሁለት ቀን ነው፣ ታገሽኝ። አቶ ሥዩም የዋና ጸሐፊነቱን ቦታ ለማን እንደሚሰጡት ገና አልቆረጡም። የእስቴ ባላባት ልጅ ናቸው፤ ሰውን በዘሩ ነው የሚመዝኑት። እኔም የፊታውራሪ የልጅ ልጅ ነኝ ብያቸዋለሁ።»

«የየትኛው ፊታውራሪ?»

ዳኛቸው ቧንቧውን ከፍቶ እጁን ታጠበ፤ ዘጋው። ቧንቧው ይንጠባጠባል።

«አባታችን ቄስ ናቸው» አለች። «ሲቀድሱና ሲያርሱ የኖሩ። በምን አነሱብህ?»

«አላነሱብኝም። ግን አንቺን ሲያዩ…» አለና ዓይኑ ወደ እግሯ ወረደ። እሷም ዓይኑን ተከትላ አየችው። የአሥመራ ገበያ ኮንጎ ጫማ በሙቀቱ ለስልሶ ቁርጭምጭሚቷን ልጦታል፤ ተረከዟ የክረምት ማሳ በበጋ እንደሚሰነጠቀው ተሰነጣጥቋል። ያ ተረከዝ ደብረ ታቦር ድረስ በሶ ያመላለሰ ተረከዝ ነው። ይኸን አልተናገረችም። ለማያስታውስ ሰው ማስታወስ ልመና ይሆንባታል።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ንገራቸው» አለች። «ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ማን ያምንሻል?» አለ። ተቆጥቶ አልነበረም፤ እንደ ተራ ነገር ነው ያለው፣ ውኃው ቀዝቃዛ ነው እንደሚባለው። እጁን አራግፎ ወደ አዳራሹ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ምጽዋ ይተኛል። ይታይሽ ከወጥ ቤቱ ጎን በተሰጣት ጠባብ ክፍል፣ በሣር ፍራሽ ላይ፣ ልጅቷን በነጠላዋ እያራገበች ጣራ ጣራውን አየች። ከግድግዳው ማዶ የንግስትና የዳኛቸው ቬንቲላቶር ያጉረመርማል። ሁለቱ ሲነጋገሩ አልሰማችም። ማን ያምንሻል ያለው ልክ ነው፤ ለሞግዚት አፍ ማን ጆሮ ይሰጣል? እህቱ ነኝ ብትል ፀሐይ መታት ይባላል፣ ውኃ አርከፍክፉባት ይባላል። ተነሥቼ ልሂድ ወይ አለች፤ መልሳ ደግሞ፣ ለምን? አለች። የሰረቀችው ነገር የለም። ቢያፍር የሚያፍረው ሌላ ሰው ነው። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወንድሟ በሰው ፊት እህቴ እንዲላት። ዋና ጸሐፊነቱ ለፈለገው ይሁን።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም ጉርጉሱም ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ወረዱ። ፈረንጆቹ ወንድ ከሴት ሳይሉ ክር የምታክል ጨርቅ አገልድመው በአሸዋው ላይ ተንጋለዋል፤ በጋይንት ለመቃብር የተዘጋጀ ሬሳ እንኳ ከዚህ የተሻለ ይለብሳል። ለአለቃው ቤተሰብ ጥላና የሸራ ወንበሮች ተዘረጉ። ይታይሽ ጫማዋን አውልቃ ልጅቷን ተከትላ ከውኃው ዳር ዳር ትሮጥ ጀመር። ጨዋማው ውኃ በተረከዟ ስንጥቅ በገባ ቁጥር እንደ በርበሬ ይለበልባታል፤ ሲደርቅ ደግሞ አሸዋው ተጣብቆ ሌላ ጫማ ሆነባት። በውኃው ዳር ስታልፍና ስትመለስ ከጥላው ሥር የሚወራውን ትሰማ ነበር።

«ባህል ጠፋ!» ይላሉ አቶ ሥዩም፣ ቢራቸውን ይዘው። «አባቴ በእስቴ ግዛታቸው ሳሉ እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ እልፍኝ አይገባም ነበር። ታላቅ እህታቸው ከስማዳ ሲመጡማ፣ የሚያጥቡት ራሳቸው ናቸው፣ ያን የመሰሉ ባላባት! ዛሬ ማን ይህን ያውቃል?»

«እርስዎ ያጥቡ ነበር ጌታዬ?» አለ ዳኛቸው።

«እኔማ አዲስ አበባ ነው ያደግሁት። የእስቴዋን ከተማ መካነ ኢየሱስን በልጅነቴ አንድ ጊዜ ነው ያየኋት። ግን ደም ነው፣ ይሰማኛል። ያንተስ አያት፣ ፊታውራሪው?»

ይታይሽ ቆመች። ልጅቷ እጇን ትጎትታታለች። ፀሐይዋ ከኋላቸው ወደ ደጋው ተራራ አዘንብላለች፤ ጥላው ረዝሞ ከውኃው ደርሷል። ተናገር፣ አለች በሆዷ፤ እንካ፣ ከዚህ የተመቸ በር ማን ይከፍትልሃል?

«እሳቸው ቤትም» አለ ዳኛቸው፣ «እንደዚያው ነበር። የሚያጥቡ አሽከሮች ግን ብዙ ነበሩን።»

አለቀ። ይታይሽ የልጅቷን የቆርቆሮ ባልዲ ተቀበለቻትና ከመጠጥ ቤቱ አጠገብ ዋናተኞች ጨው ከሚያስለቅቁበት ቧንቧ ሞላችው። ወደ ጥላው መጣች። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ካሜራቸውን ሊያመጡ ተነሥተው ወንበራቸው ባዶ ነበር። በዚያ ላይ ተቀመጠች። ባልዲውን ከፊቷ አኖረች፤ ቀሚሷን እስከ ባቷ ሰበሰበች። ንግስት አፏ ተከፍቶ ቀረ።

«ዳኛቸው!» አለች ይታይሽ። «ና እግሬን እጠብ።»

«ምን አለች?» አሉ አቶ ሥዩም።

«ፀሐይ መታት» አለች ንግስት ባንድ ትንፋሽ። «ተነሺ አንቺ! የማን ወንበር መሰለሽ?»

«ቄስ ወልደማርያም የወለዱት ሁለት ነው» አለች ይታይሽ፣ ንግስትን ቀና ብላም ሳታያት። «ትልቋ እኔ ነኝ። ካገሬ ስመጣ ማንም ያላጠበው እግር ይኸውላችሁ። ና፣ ውኃው ሳይሞቅ።»

ዳኛቸው ቆሞ ቀረ። ፊቱ የጨው ክምሩን መሰለ። ሚስቱን አየ፤ ባሕሩን አየ፤ ከሁሉ በኋላ አለቃውን አየ። አቶ ሥዩም ብርጭቋቸውን አስቀምጠው አንዴ እሱን አንዴ ሴትዮዋን ሲመዝኑ ቆዩ። አፍንጫቸው አንድ፣ ግንባራቸው አንድ። ግትርነቱ ብቻ ለአንዷ ደርሷል።

«እህትህ ናት?»

ይታይሽ እግሯን ዘርግታ ጠበቀች። የጠበቀችው አንድ ቃል ነው።

ቃሉን የቀደሙት አቶ ሥዩም ናቸው። ጭናቸውን መትተው ሳቁ። «እንዴ! ይኸ እኮ ነው ባህል! ይኸ እኮ ነው ጨዋነት! አሁን ምን ትጠብቃለህ? አባቴ ያን ያህል ባላባት ሆነው ጎንበስ ይሉ ነበር አላልኩህም?»

ያን ጊዜ ዳኛቸው ቶሎ ተንበረከከ። ከሳቁ በኋላ መሆኑን ይታይሽ አየች። ቢሆንም ቀኝ እግሯን አንሥቶ ባልዲው ውስጥ ሲያገባው፣ ውኃውን በመዳፉ ጨለፍ ጨለፍ አድርጎ ሲያፈስስበት፣ አውራ ጣቱ ሳይታዘዝ በጣቶቿ መሀል መሀል ሲያልፍ፣ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ላላ። ትንሹ ልጅ ከእጁ አልወጣም ነበር። ጎንበስ እንዳለ «እታለም» አለ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጎ፣ ለሷ ብቻ። ምርቃቱ ከጉሮሮዋ ደረሰ። ልታወርድለት አፏን ከፈተች።

«ቆይ ቆይ ቆይ!» አሉ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ፣ ካሜራቸውን ይዘው በአሸዋው ላይ እየተደናቀፉ። «እንዴት ያምራል! እንደገና፣ ከመጀመሪያው! ፊትህ አይታይም፤ ቀና በል።»

«አንሺው፣ ቢሮዬ ነው የምሰቅለው!» አሉ አቶ ሥዩም። «ዋና ጸሐፊዬ ይህን የመሰለ ሰው ነው እላለሁ!»

ዳኛቸው የታጠበውን እግር መሬት ላይ አስቀምጦ ራሱን ቀና አደረገ። ከረባቱን አቃና። ወደ ካሜራው ዞሮ ጥርሱን ገለጠ። «እንዲህ ልሁን?» አለ።

ይታይሽ የከፈተችውን አፍ ዘጋችው። ግራ እግሯ እንደነበረ ነው፣ ከነአሸዋው። ዳኛቸው በደንብ እንዲታይ እየተጠነቀቀ፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል፣ እጁን ልኮ ግራ እግሯን ፈለገ።

አላገኘውም። ተነሥታ ነበር።

«ምርቃቴስ?» አለ፣ ገና ጥርሱን እንደ ገለጠ፣ ለሰዎቹ ጨዋታ እንዲመስል።

«ያጠብክለት ሰው ይመርቅህ» አለች። «ያጠብከው ለጌታህ ነው። ከሳቸው ተቀበል።»

የካሜራው ቁልፍ ቀጭ አለ፤ የወይዘሮዋ ጣት አንዴ ተዘጋጅቶ ነበርና ሊመለስ አልቻለም። ያ ፎቶ ሲወጣ ከረባቱን ያሰረ አንድ ሰው ባዶ ወንበር ፊት ተንበርክኮ፣ እጁን ባልዲ ውስጥ ነክሮ ይስቃል። አቶ ሥዩም ቢሮ ይሰቀል አይሰቀል ይታይሽ አታውቅም፤ ደንታዋም አይደለም። በዚያች ሰዓት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ኮንጎ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ማርታን ግንባሯን ስማ ለእናቷ አስረክባ ነበር። «ልጅሽን ያዢ» አለቻት ንግስትን፤ «አሁን የሚይዝልሽ ሌላ ሰው የለም።» ማንም አልጠራትም። ከኋላዋ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ «ምን አስቀየምናት?» ሲሉ ሰማች።

ከመንገዱ ዳር አንድ ሽማግሌ ጋሪ ነጂ ፈረሱን ውኃ ያጠጣ ነበር። በተሰባበረ አማርኛ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት።

«ወደ ባቡሩ።»

«ባቡር ነገ ጠዋት ነው፣ እማ።»

«እጠብቀዋለሁ።»

ተሳፈረች። ሽማግሌው ዞር ብሎ እግሮቿን አየ፤ አንዱ ታጥቦ የነጣ፣ አንዱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አሸዋ የለበሰ። ሊጠይቅ ፈለገ፤ ፊቷን አይቶ ተወው። ፈረሱን ቸብ አደረገ። ከተማው መብራት ማብራት ጀምሯል፤ ባሕሩ በግራቸው በኩል ሲጨልም፣ ከነመርከቦቹ ከነዝገቱ፣ የማንንም ዘር ሳይጠይቅ ተዘርግቷል። መሪጌታ መጠየቃቸው አይቀርም፣ አለች ይታይሽ በሆዷ። ጥቂት እንደሄዱ ሽማግሌው እንደገና ጠየቃት፦

«ከደጋ ነሽ አይደል? ባሕር አየሽ?»

«አየሁ።»

«እንዴት ነው?»

ይታይሽ ግራ እግሯን ከጋሪው ጠርዝ ጋር አሻሽታ አሸዋውን አራገፈች።

«ባሕሩስ ደህና ነው» አለች።